የሶላር ባትሪ ዋጋ ሲነጻጸር፦ ሊድ አሲድ፣ ጄል፣ ቱቡላር ወይስ ሊቲየም?

ሁለት ባትሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በሁለቱም ላይ «12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት» ተጽፏል። የአንዱ ዋጋ ግን የሌላው እጥፍ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። ጽሑፉ አንድ ከሆነ ለምን ተጨማሪ ይከፈላል ብሎ ርካሹን ማንሳት ያለ ነገር ነው። እኔም የመጀመሪያውን ባትሪዬን የገዛሁት እንዲሁ ነበር። ሻጩ «ለሶላር የሚሆን ነው» ብሎ የሰጠኝ የመኪና ባትሪ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በየምሽቱ መብራት፣ ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጅ እጠቀምበት ነበር። ዓመት ሳይሞላው፣ መብራት ካበራን ብዙም ሳይቆይ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) እየጮኸ መጥፋት ጀመረ። ያ ገንዘብ በጣም አስቆጭቶኛል። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ባትሪ ስመለከት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ባትሪ ዕድሜው እስኪያልቅ በድምሩ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይሰጠኛል? ለእያንዳንዷ ኪሎዋት ሰዓትስ ስንት እየከፈልኩ ነው?

ስሌቱ ቀላል ነው። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዙና ለ1,000 አካፍሉ፤ የባትሪው አቅም በኪሎዋት ሰዓት ይወጣል። 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን ባትሪው ሳይጎዳ ሊወጣ በሚችለው ድርሻ አባዙት፤ ውጤቱን ደግሞ በዙሩ ብዛት። አንድ ዙር ማለት አንድ ጊዜ ሞልቶ መልቀቅ ነው፤ በየሌሊቱ ለሚጠቀም ቤት አንድ ዙር አንድ ቀን ማለት ነው። በመጨረሻ የባትሪውን ዋጋ ለተገኘው ቁጥር አካፍሉ። ባትሪዎችን በእውነት የሚያወዳድረው ዋጋ ይህ ነው።

አምራቾች በ25 ዲግሪ ሙቀት ለክተው ከሚጽፉት በመነሳት፣ ዓይነቶቹ በግምት እንዲህ ይቀመጣሉ፦

| ዓይነት | ሳይጎዳ የሚወጣው | የዙር ብዛት | ከገባው 100 ተመልሶ የሚወጣው |
|---|---|---|---|
| ውሃ የሚጨመርበት ሊድ አሲድ (ዲፕ ሳይክል፣ ደጋግሞ እንዲለቀቅ የተሠራ) | 50 በመቶ | 500–1,000 | 70–85 |
| ኤጂኤም | 50 በመቶ | 400–700 | 80–85 |
| ጄል | 50 በመቶ | 600–1,000 | 80–85 |
| ቱቡላር | 50 በመቶ | 2,000–2,500 | 75–85 |
| ሊቲየም አይረን ፎስፌት | 80–90 በመቶ | 3,000–6,000 | 92–97 |

የመኪና ባትሪን ሠንጠረዡ ውስጥ ያላስገባሁት ሆን ብዬ ነው። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር እንዲሰጥ ነው፤ ስለዚህ ፕሌቶቹ (በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) ስስና ብዙ ናቸው። በየሌሊቱ እስከ ታች ከተለቀቀ በጥቂት ወራት ያልቃል። ምንም ያህል ቢረክስ ለቤት ሶላር አይሆንም።

የሊድ አሲድ ቤተሰብ

ሊድ አሲድ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው ጀምሮ መሠረታዊ ሐሳቡ አልተለወጠም፦ የእርሳስ ፕሌቶች በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ። በተለምዶ «ደረቅ» የሚባሉት ኤጂኤምና ጄልም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በኤጂኤም አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ ውስጥ ተመጥጦ ይገኛል፤ በጄል ደግሞ እንደ ሙቅ ረግቷል። ውሃ አይጨመርባቸውም፣ ከዚህ በቀር ግን የሊድ አሲድ ጠባይ ሁሉ አላቸው።

ከጠባዮቹ ሁሉ ኪስ የሚጎዳው ሳይሞላ መቆየትን አለመውደዱ ነው። ሊድ አሲድ ሲለቀቅ ፕሌቶቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል፤ ቶሎ ከሞላ መልሶ ይሟሟል፣ ካልሞላ ግን እየጠነከረ ፕሌቱን ይሸፍናል። ችግሩ የሚብሰው የመጨረሻዋን 20 በመቶ መሙላት ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ ነው፤ ደመና በበዛበት ወቅት ፀሐይዋ ያን ያህል ጊዜ አትሰጥም። ፓነሉ ትንሽ ሆኖ ባትሪው ትልቅ የሆነበት ቤት ባትሪውን በየቀኑ ግማሽ መንገድ ላይ እየተወው ነው። ሠንጠረዡ ላይ ያለው የዙር ቁጥር እንዲህ ያለውን አያያዝ አያውቅም።

ሙቀትም አለ። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የሊድ አሲድ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ 35 ዲግሪ በሚደርስ ክፍል የተቀመጠ ባትሪ ከወረቀቱ ዕድሜ ግማሹን ቢያገለግል ሻጩ ዋሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛው የሚዘነጋው ነገር «200 አምፔር ሰዓት» የሚለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚለካው ባትሪው በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲለቀቅ መሆኑ ነው፤ ማለትም 10 አምፔር ለ20 ሰዓት። ፍሪጅና ፓምፕ ተጋግዘው በ5 ሰዓት ካወጡት የሚገኘው ከ160 እስከ 170 አምፔር ሰዓት ቢሆን ነው። ሊቲየም ግን በዚህ ፍጥነት ቢለቀቅም የተጻፈበትን ያህል ይሰጣል።

ከቤተሰቡ ለየት የሚለው ቱቡላር ነው። የአዎንታዊው ፕሌት ንጥረ ነገር በቱቦ ውስጥ ታቅፎ ስለሚቀመጥ አይረግፍም። ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት ሆነው ይመጡና በተከታታይ ይያያዛሉ። ይከብዳሉ፣ ቦታ ይይዛሉ፣ የተጣራ ውሃ በየጊዜው ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ተንከባካቢ ካገኙ ዓመታትን ይቆያሉ። ውሃ መጨመሩን ለማይረሳ ሰው አክብሬ የምመክረው የሊድ አሲድ ዓይነት ይህ ብቻ ነው። ውሃ የሚጨመርባቸው ሁሉ ሲሞሉ ሃይድሮጂን ያወጣሉ፤ ጋዙ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በእሳት ብልጭታ ይነሳል። ስለዚህ መኝታ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም፤ አየር የሚገባበት ቦታ ማዘጋጀትም ከወጪው ይቆጠር።

ሊቲየም ሁሉ አንድ አይደለም

ለቤት ሶላር «ሊቲየም» ሲባል ዛሬ በአብዛኛው የሚባለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። ይህን ማዕድን ለባትሪ ያበቁት በጆን ጉዲናፍ የሚመራው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተመራማሪዎች ናቸው፤ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ይፋ ሆነ። ጉዲናፍ በሊቲየም ባትሪ ላይ ለሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ፎስፌት ኮባልትና ኒኬል የለበትም፤ ሙቀትንም ይችላል። ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ሌላው ዓይነት ሊቲየም በክብደቱ ልክ ብዙ ኃይል ስለሚይዝ ለመኪናና ለላፕቶፕ ይመቻል፤ ነገር ግን የዙሩ ብዛት ያነሰ ነው፣ ሲጋልም ወደ እሳት የሚሄደው ቀድሞ ነው። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ባትሪ ክብደት ያን ያህል አያሳስብም፤ ስለዚህ ለቤት ፎስፌትን ምረጡ። ታዋቂው የቴስላ የቤት ባትሪ፣ ፓወርዎል፣ እንኳ በሦስተኛ ትውልዱ ወደ ፎስፌት ዞሯል።

የሊቲየም ባትሪ ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2024 ባለው ጊዜ በኪሎዋት ሰዓት ሲሰላ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወርዷል። «ሊቲየም የሀብታም ነው» የሚለው አባባል የመጣው ከዚያ በፊት ከነበረው ገበያ ነው፤ ዛሬ እንደገና መሰላት አለበት።

ድክመትም አለው። ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ይጎዳል፤ ብርድ በሚበረታበት ቦታ ማሞቂያ ያለው ወይም በራሱ ቻርጅ የሚያቋርጥ መሆን አለበት። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት ደካማ ከሆነ ሴሎቹ ደህና ሆነው ባትሪው ግን አገልግሎት ያቆማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያለዎት ቻርጅ ኮንትሮለር (ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው) እና ኢንቨርተር የሊቲየም ማስተካከያ ከሌላቸው የነሱ መቀየሪያ ወጪ በባትሪው ዋጋ ላይ ይደመራል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሶዲየም አዮን የሚባለውም ገበያ እየገባ ነው። ብርድን ይችላል፣ ጥሬ ዕቃውም በየትም ይገኛል፤ ነገር ግን ሲለቀቅ ቮልቱ በሰፊው ስለሚወርድ ብዙ ኢንቨርተሮች ሙሉ አቅሙን ማውጣት አይችሉም። ዛሬ ለሚገዛ ሰው ገና ነው እላለሁ።

ሁለቱን በአንድ ሚዛን

በየሌሊቱ 2 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈልግ ቤት እንውሰድ። በኤጂኤም ግማሹን ብቻ ስለምናወጣ ባለ 200 አምፔር ሰዓት ሁለት ባትሪ ያስፈልጋል፤ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ገዝተን 2.4 እንጠቀማለን። በፎስፌት አንድ ባለ 12.8 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ይበቃል፤ 2.56 ገዝተን 80 በመቶውን፣ ማለትም ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ከትንሽ በላይ እናወጣለን።

የኤጂኤም አንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 1 ይሁን፤ የፎስፌቱ እጥፍ፣ 2 ይሁን። ለኤጂኤሙ 4.8 ትከፍላላችሁ፣ ለፎስፌቱ 5.12። መጀመሪያ ላይ እጥፍ የመሰለው ልዩነት ያንኑ ሌሊት የሚያሳልፍ ባትሪ ስትገዙ ከ10 በመቶ በታች ሆነ!

ወደ ዕድሜው እንሂድ። ኤጂኤሙ 600 ዙር ቢሠራ በድምሩ 1,440 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በየሌሊቱ ለሚጠቀም ይህ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ያህል ነው። ፎስፌቱ 4,000 ዙር ቢሠራ ከ8,100 በላይ ይሰጣል፤ ወደ 11 ዓመት ማለት ነው። ሁለቱም እያረጁ አቅማቸው ስለሚቀንስ እውነተኛው ድምር ከሁለቱም ወገን ትንሽ ይወርዳል፤ ንጽጽሩ ግን አይለወጥም። በእያንዳንዷ ኪሎዋት ሰዓት ኤጂኤሙ ከፎስፌቱ አምስት እጥፍ በላይ ያስከፍላል። ፎስፌቱ እጥፍ መሆኑ ቀርቶ ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ ኤጂኤሙ ከሦስት ተኩል እጥፍ በላይ እንደተወደደ ይቆያል። የኤጂኤምን አንድ ተኩል እጥፍ የሚያወጣና 2,500 ዙር የሚሠራ ቱቡላር በዚሁ ስሌት ዋጋው 2 ከሆነው ፎስፌት እጥፍ ገደማ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ በቅናሽ ከተገኘ መከራከር የሚችለው እሱ ነው።

የሚባክነውም ይቆጠር። 2 ኪሎዋት ሰዓት ለማውጣት ሊድ አሲድ ወደ 2.5 ይፈልጋል፣ ፎስፌት 2.1 ይበቃዋል። ልዩነቱ በዓመት 146 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ለዚህ ሲባል ተጨማሪ ፓነል የሚገዛ አለ።

ርካሹ የሚያሸንፍበት ጊዜ

ከላይ ያለው ሁሉ በየሌሊቱ ለሚሠራ ባትሪ ነው። መብራት አልፎ አልፎ ሲጠፋ ብቻ፣ በዓመት 30 ጊዜ ያህል ለሚፈለግ ባትሪ ስሌቱ ይለወጣል፤ ምክንያቱም ባትሪው ዙሩን ሳይጨርስ በዕድሜ ያረጃል። ኤጂኤሙ 5 ዓመት፣ ፎስፌቱ 10 ዓመት ቢቆዩ የሚሰጡት 360 እና 614 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ፎስፌቱ በኪሎዋት ሰዓት ከኤጂኤሙ 3.2 እጥፍ በላይ የሚያወጣ ከሆነ ኤጂኤሙን ግዙ። ሁልጊዜ ሞልቶ መቀመጥ ለሊድ አሲድ ይስማማዋልና እዚህ ቦታ በክብር ያገለግላል። ፎስፌት ግን ለረጅም ጊዜ ሞልቶ ሲቀመጥ ቶሎ ያረጃል።

ከመክፈል በፊት

ባትሪውን መዝኑት። ለቤት ባትሪ የሚውሉት የፎስፌት ሴሎች በኪሎ የሚይዙት ከ180 ዋት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። 2.56 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል የተባለ ባትሪ ከነማቀፊያው 12 ኪሎ ከመዘነ የተጻፈበትን ሊይዝ አይችልም። 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ሊድ አሲድም በአብዛኛው ከ55 ኪሎ በላይ ነው፤ 40 ኪሎ ከሆነ እርሳሱ ጎድሏል። ሚዛን አይዋሽም፤ በልጣፍ ላይ ግን ምንም ሊጻፍ ይችላል።

በትንንሽ የሶላር ሣጥኖች ላይ በሚሊአምፔር ሰዓት የተጻፈ ትልቅ ቁጥር አያስደንግጣችሁ። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት 74 ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ሰባት ሰዓት ያህል የሚያበራ። ሁልጊዜ ዋት ሰዓቱን ጠይቁ።

አቅም ለመጨመር ያሰበም ልብ ይበል። አዲስ ሊድ አሲድ ከአሮጌ ጋር ሲያያዝ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል፤ ስለዚህ መጨመር ብዙውን ጊዜ ሁሉንም መቀየር ይሆናል። መደርደሪያ ላይ የሚደረደሩ ባለ 51.2 ቮልት ፎስፌቶች ግን አምራቹ ከፈቀደ ከዓመት በኋላም ጎን ለጎን ይጨመርባቸዋል። ዛሬ አንድ፣ ገንዘብ ሲገኝ ሁለተኛ መግዛት ለሚፈልግ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዋስትናውን ስታነቡ ዓመቱን ብቻ አትዩ። በብዙዎቹ ላይ «10 ዓመት ወይም ይህን ያህል ሜጋዋት ሰዓት፣ ከሁለቱ የቀደመው» ይላል። 5.12 ኪሎዋት ሰዓት የሆነ ባትሪ በቀን 4.1 ብታወጡበትና ዋስትናው 16 ሜጋዋት ሰዓት (16,000 ኪሎዋት ሰዓት) ቢሆን 3,900 ቀን፣ ማለትም ከ10 ዓመት ተኩል በላይ ይሸፍናል፤ ጥሩ ነው። 8 ሜጋዋት ሰዓት ከሆነ ግን «10 ዓመት» የተባለው በአምስት ዓመት ከጥቂት ወር ያልቃል። አምራቹ ራሱ የፈረመበት ቁጥር ይህ ስለሆነ፣ ዋጋውን የማካፍለው በማስታወቂያው ላይ ለተጻፈው የዙር ብዛት ሳይሆን ለዚህ ነው።