ለራስ ወይስ ለሰው ዓይን?

ጠዋት 12 ሰዓት ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ብትወጡ፣ ሲሮጡ የምታዩዋቸው ተማሪዎች ሁሉ ላብ በላብ ናቸው። ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፖል ሂዊትና ጎርደን ፍሌት በ1991 እ.ኤ.አ. ፍጽምና ፈላጊነትን በሦስት ከፍለውታል። ለስፖርት ነገር ሁለቱ ይበቁኛል።

አንደኛው መስፈርቱን ራሱ ለራሱ ያወጣል። የሐዋሳውን ታቦር ተራራ ሳያርፍ መውጣት ያምረዋል። ዛሬ ቢያቅተው ነገ ይመለሳል፤ ድካሙ ራሱ ይጥመዋል። (እሱም ቢሆን ጉልበቱን እያመመው «ዕረፍት አልፈልግም» የሚልበት ቀን አለ።)

ሁለተኛው «ሰው እንከን እንዳይኖርብኝ ይጠብቃል» ባይ ነው። ጂም የሚገባው እንዳይሳቅበት ነው። አንድ ቀን ሲቀር ጸጸት ይበላዋል። ሦስት ቀን ከቀረማ ጭራሽ ይተወዋል። ወይ በደንብ፣ ወይ ምንም ነዋ!

እኔ ከሁለቱ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ጉልበቱን እስካዳመጠ ድረስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይቆጠራል። ሁለተኛው ግን «ይሄም ስፖርት ነው እንዴ?» ብሎ ባጃጅ ይይዛል።