በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥን ለመለየት፦ ኤፕዎርዝ ወይስ ስቶፕ-ባንግ?

በባሕር ዳር ጤና ጣቢያዎች በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቆራረጥን አዋቂ ለመጠርጠር ከሁለቱ መጠይቆች የትኛው ይሻላል? እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ኤፕዎርዝ በስምንት ሁኔታዎች፣ ለምሳሌ ቁጭ ብሎ ሲያነብ፣ ሰውየው ምን ያህል እንደሚያንጎላጅ ጠይቆ ከ24 ነጥብ ይሰጣል፤ ከ10 በላይ ያገኘ ሰው ከልክ ያለፈ የቀን እንቅልፍ አለበት ይባላል። ሆኖም ሌሊቱን ጣና ላይ መረብ ሲጥል ያደረ ዓሣ አስጋሪም፣ ትንፋሹ ባይቋረጥም፣ ይህን ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

ስቶፕ-ባንግ ከድካም በተጨማሪ ማንኮራፋትን፣ ሌላ ሰው ያየውን የትንፋሽ መቋረጥ፣ የደም ግፊትን፣ ክብደትን፣ ዕድሜን፣ ጾታንና በመለኪያ ጥብጣብ የሚለካውን የአንገት ዙሪያ ስለሚመዝን እኔ እሱን አስቀድማለሁ (የሚያንኮራፋ ሰው ራሱን አይሰማምና የትዳር ጓደኛው አብሮ ቢመጣ ይመረጣል)። ጉድለቱ፣ ዕድሜው ከ50 ያለፈና ደም ግፊት ያለበት ወንድ ምንም ሳያንኮራፋ 3 ነጥብ ይዞ ከተጠርጣሪዎች መቆጠሩ ነው።