መድኃኒት አልሸጥልሽም ያሉኝ የአቶቴው ባለሱቅ (ሀዋሳ)

ማታ ማታ ድንች ጥብስ ነው የምሸጠው። ዘንድሮ ድንች ሲረክስ ከሻሸመኔ 3 ኩንታል አስጭኜ ጓዳ ከመርኩት፣ ተገላገልኩ ብዬ። 2 ሳምንት ሳይሞላው መብራት ሳበራ ከጆንያው ላይ ግራጫ ሚጢጢ ቢራቢሮ የሚመስል ነገር ብር ብር ይላል፣ ድንቹን ስልጠው ደግሞ ውስጡ መንገድ መንገድ ሆኖ ጥቁር ኩስ ሞልቶታል። ከምጠብሰው የምጥለው በለጠ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ (ስሙን ልተወው) ምንም ሳይጠይቀኝ የተባይ መድኃኒት ዱቄት አንስቶ "ነስንሺበት" አለኝ። አንዱ ጆንያ ላይ ነሰነስኩ። ትሉ ውስጥ ዱቄቱ ውጪ፣ የት ይገናኛሉ? ሰው የሚበላው ድንች ነው ወይ ብሎ እንኳን አለመጠየቁ ነው ያናደደኝ፣ እኔም ሞኝ ነኝ ያንን ድንች በኋላ ሙሉውን ጣልኩት።

ከዛ ጎረቤቴ አቶቴ ሰፈር ያሉትን ሽማግሌ ባለሱቅ ጠቆመችኝ። ገና ከመግባቴ "ለዘር ነው ለምግብ ልጄ?" አሉ። ይዤው የሄድኩትን አንዱን ድንች ዓይኑ ጋ በሴንጢ ሰንጠቅ አድርገው ራሷ ቡናማ የሆነች ነጣ ያለች ትል አወጡ። "ነቀዝ አይደለም፣ የድንች የእሳት እራት ነው" አሉኝ። ቢራቢሮዋ እንቁላሏን የድንቹ ዓይን አካባቢ ትጥላለች፣ ብዙ ጊዜ ከማሳ ነው አብሮ የሚመጣው፣ አፈሩ ተሰነጣጥቆ ድንቹ ሲገለጥ ወይ ተቆፍሮ ሜዳ ላይ ሲያድር፣ ከዛ እንደኛ ባለ ሙቀት በወር ገደማ ሌላ ዙር ይፈለፈላል።

"ጋሼ፣ የእህሉን የነቀዝ ክኒን ጣል ባደርግበትስ?" ብላቸው ተቆጡኝ፣ በምትተኚበት ቤት? ጋዙ ልጆችሽን ይጨርስብሻል ብለው። እውነታቸውን ነው።

የሸጡልኝ መረብ ብቻ ነው፣ የችግኝ ቤት ጥቅጥቅ ያለውን። ሌላው ሁሉ ምክር። ድንቹን አንድ በአንድ ለቅሜ የተበሳውን ከቤት አወጣሁ፣ ጥጋጥጉን ጠረግኩ፣ አሮጌውን ጆንያ አስወገድኩ (ቢራቢሮ ሊሆን የተጠቀለለው ትል ስፌቱ ውስጥ ተሸጉጦ ነበር ኧረ!)፣ ከላይ የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል አልብሼ በመረቡ ሸፈንኩት። የወፍ ቆሎ ቅጠልም ይሆናል ብለውኛል። ጨለማ ቦታ ይሁን፣ ብርሃን የሚፈልገው የዘር ድንች ነው፣ የሚበላው ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ሆኖ ይመራል አሉ።

ወር ተኩል ሆነው፣ የጣልኩት አንድ ሰፌድ ቢሆን ነው። ቢራቢሮዋ ጭራሽ ጠፋች አልልም፣ አልፎ አልፎ አያታለሁ።

ከ5 4 ኮከብ። አንዷን የቀነስኩት ደረሰኝ የለም፣ ቴሌብር አይቀበሉም፣ ምሳ ሰዓት ዘግተው እስከ 8 ሰዓት አይመለሱም፣ ወሬ ደግሞ ሲወዱ! ቸኩላችሁ እንዳትሄዱ። መረቡም ትንሽ ይወደዳል፣ ጠርዙን ልብስ ሰፊ ጋ አስጠቅልሉት፣ የኔው በሳምንቱ መተርተር ጀምሯል።