ሦስቱ ትሮምቦን ነፊዎች፦ ስለ ክላሲካል ሙዚቃ መጻፍን የሚያስተምር የማታ ኮርስ ግምገማ

ባለፈው ዓመት በየካቲትና በመጋቢት ወራት ለንደን ውስጥ አንድ የማታ ኮርስ ተከታትያለሁ። ኮርሱ ስለ ክላሲካል ሙዚቃ ለኦርኬስትራዎችና ለሬዲዮ ጣቢያዎች እየጻፉ መተዳደር ለሚሹ ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለስድስት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ምሽት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ነበር። የከፈልኩት 260 ፓውንድ ነው። ቅሬታዎቼን ለአዘጋጆቹ በጽሑፍ ስላቀረብኩ ስማቸውን እዚህ ማንሳት አላስፈለገኝም። ይሁንና በአገር ቤት በጋዜጠኝነት የሠሩና የሙዚቃ ፍቅር ያላቸው ወዳጆቼ ስለ ኮርሱ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ያየሁትን በዝርዝር ማስፈሩ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለጉዳዩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ሥራው ምን እንደሆነ አስቀድሜ ላስረዳ። አንድ ኦርኬስትራ ኮንሰርት ሲያቀርብ ለታዳሚው አነስተኛ መጽሔት ይታደላል ወይም ይሸጣል፤ በውስጡም በዚያ ምሽት የሚቀርበው እያንዳንዱ ድርሰት መቼ እንደተጻፈ፣ ከየት እንደመነጨና ሲሰማ ምን ልብ ሊባል እንደሚገባ የሚያስረዳ ጽሑፍ ይገኛል። ኮንሰርቱ በሬዲዮ በቀጥታ ሲተላለፍ ደግሞ ያንኑ አገልግሎት የሚሰጠው አስተዋዋቂው ነው። ከእነዚህ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ የወር ደመወዝ የላቸውም፤ በየጽሑፉ ይከፈላቸዋል።

የመጀመሪያው ምሽት ለታሪክ የተሰጠ ነበር፤ እንደፈራሁትም አሰልቺ አልሆነም። ለዚህ ሙያ እንደ አባት ከሚቆጠሩት አንዱ ጆርጅ ግሮቭ የሲቪል መሐንዲስ ነበር፤ በጃማይካና በቤርሙዳ ለመርከቦች አቅጣጫ የሚያሳዩ የብረት የመብራት ማማዎችን ሲያስተክል ከቆየ በኋላ ክሪስታል ፓላስ በሚባለው የለንደን አዳራሽ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ ከ1856 ጀምሮም ለ40 ዓመት ገደማ ለአዳራሹ ኮንሰርቶች መግለጫ ጻፈ። ከ1879 አንስቶ መታተም የጀመረውና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ትልቁ የሙዚቃ መዝገበ ቃላት መሠረቱ ይኸው ልምድ ነው። መምህራችን ደጋግመው የነገሩን ግሮቭ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ የማያውቅ አፍቃሪ እንደነበረና የጻፈውም ጎኑ ለተቀመጠው ሰው እንደሚያወራ አድርጎ መሆኑን ነው። የሙዚቃ ሊቁ ዶናልድ ቶቪ በስኮትላንዷ ኤድንብራ ለሚመራው የሪድ ኦርኬስትራ የጻፋቸውን መግለጫዎችም በቅጂ አደሉን። ከሁሉ ይበልጥ የማረከችኝ ግን ሮዛ ኒውማርች ናት። የለንደኑ ኩዊንስ ሆል መግለጫ ጸሐፊ የነበረችው ይህች ሴት የሩሲያን፣ የፊንላንድንና የቼክን ሙዚቃ ለእንግሊዝ ሕዝብ ስታስተዋውቅ ኖራ፣ የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ ያናቼክ ሲንፎኒዬታ የተባለውን የ1926 የኦርኬስትራ ድርሰቱን መታሰቢያነቱን ለእርሷ አድርጎላታል። መግለጫ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ምስጋና የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው።

የኮርሱ ዋጋ የታየኝ በሁለተኛው ምሽት ነው። የተሰጠን ሥራ ስለ ቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ (ለኦርኬስትራ በአራት ክፍል የተጻፈ ረጅም ድርሰት) 250 ቃል መጻፍ ሲሆን፣ «ታላቅ»፣ «ውብ» እና «ዘመን የማይሽረው» የሚሉ ቃላትን መጠቀም ተከልክሏል። እኔ በልበ ሙሉነት የደራሲውን ጆሮ መድከም፣ በታኅሣሥ 1808 ቪየና ውስጥ ሲምፎኒው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማበትን ከአራት ሰዓት በላይ የፈጀ ኮንሰርትና የአዳራሹን ብርድ ሳይቀር ጽፌ አስረከብኩ። መምህራችን ወረቀቴን አንብበው ሲያበቁ፣ «ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ታዳሚው መድረኩ ላይ ምን እንደሚያይ የሚነግረው አንድም መስመር የለውም» አሉኝ። ቀጥለውም ቀረጻውን ከፍተው ዓይናችንን እንድንጨፍን አዘዙን።

የሰማነውን ለመግለጽ ልሞክር። ሦስተኛው ክፍል እያለቀ ሲመጣ ድምፁ እየከሰመ ይሄዳል፤ ባለገመዶቹ አንድ ድምፅ ይዘው ሲቆሙ ከሥራቸው ቲምፓኒ የሚባለው ከበሮ በጣቶች ጫፍ የተመታ እስኪመስል በቀስታ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ቫዮሊኖቹ ጨለማ ውስጥ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እየዳበሱ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ከዚያም አንዳች ማቋረጥ ሳይኖር አራተኛው ክፍል በሙሉ ጉልበት ይፈነዳል። ያን ጊዜ መምህራችን ቀረጻውን አቁመው፣ «አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ?» ብለው ጠየቁ። ከመካከላችን የመለሰ አልነበረም። መልሱ ሦስት ትሮምቦኖች (ተንሸራታች ቱቦ ያላቸው የነሐስ መንፊያዎች)፣ አንድ ፒኮሎ (ትንሽ ዋሽንት) እና አንድ ኮንትራባሱን (በጣም ወፍራም ድምፅ ያለው የእንጨት መንፊያ) ነበር፤ አምስቱም ሙዚቀኞች እስከዚያች ቅጽበት አንዲት ኖታ አልተነፈሱም። ሃያ ምናምን ደቂቃ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው ነበር። ቤቴ ስገባ ጽሑፌን ቀድጄ እንደገና ስጀምር የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ ይህ ሆነ፦ «ከኋላ የተቀመጡትን ሦስት ትሮምቦን ነፊዎች ተመልከቱ፤ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ምንም አይነፉም።» ስለ ብርዱ የቀረኝ ግማሽ መስመር ብቻ ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው ምሽት የሬዲዮ ነበሩ። ቢቢሲ ሦስተኛ ፕሮግራም ያለውን የባህልና የሙዚቃ ጣቢያውን በ1946 ከከፈተ፣ በ1967 ደግሞ ሬዲዮ 3 የሚለውን ስም ካወጣ ወዲህ ለዚህ ሙያ ትልቁ ገበያ እርሱ ነው ማለት ይቻላል፤ በየሳምንቱ ስለ አንድ የሙዚቃ ደራሲ ብቻ የሚያወራው ዝግጅቱ እንዲያውም ከዚያ በፊት፣ በ1943 የተጀመረ ነው። እዚህ ላይ ያስተማሩን ሁለተኛው መምህር በቀጥታ ስርጭት ላይ ለብዙ ዓመታት የሠሩ ናቸው፤ ስለ ሙዚቃ ከሚያወሩት ይልቅ ስለ ሰከንድ የሚያወሩት ይበልጣል። ዓይን ያልገባውን ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ያነበዋል፤ ጆሮ ግን ያመለጠውን አያገኘውም። ስለዚህ ቀኑና የድርሰቱ ቁጥር በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዳይታጨቁ፣ ድርጊቱ ቀድሞ ስሙ እንዲከተል፣ በቅንፍ የሚገባ ነገር ጨርሶ እንዳይኖር ያደርጋሉ። በእንግሊዝኛ በሰከንድ ሦስት ቃል ገደማ ይቆጠራል። እኔ ያንኑ ስክሪፕት ወደ አማርኛ መልሼ ሳነበው በአንድ ደቂቃ ከ100 ቃል ብዙም አላለፍኩም፤ ቃላችን ረጅም ነውና በአማርኛ ለሬዲዮ የሚጽፍ ሰው ሒሳቡን ከዚህ መጀመር አለበት።

እኔ ከዚህ ቀደም አስቤው የማላውቀው ነገር «የማራዘሚያ አንቀጽ» ያሉት ነው። የኦርኬስትራው መሪ ወደ መድረክ ሊገባ ነው ተብሎ ሲጠበቅ ቢዘገይ፣ አስተዋዋቂው ባዶ አየር ላይ ዝም ማለት አይችልም፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ የጀመረውን ትረካ እስኪጨርስ አይጠበቅም። ስለዚህ ከየትኛውም ዓረፍተ ነገር በኋላ ቢቆም ያለቀ የሚመስል አንቀጽ አስቀድሞ ይጻፋል። ለመናገር ቀላል ይመስላል፤ እኔ አምስት ጊዜ ጽፌ አምስቱንም ጊዜ መሐል ላይ ሲቆረጥ አንጠልጣይ ሆኖብኛል።

ዝም ማለትንም ተምረናል። የፊንላንዱ የሙዚቃ ደራሲ የሲቤሊየስ አምስተኛ ሲምፎኒ የሚያበቃው በስድስት ነጠላ ምቶች ሲሆን በመካከላቸው ያለው ዝምታ ረጅም በመሆኑ፣ ሙዚቃው ያለቀ መስሎት ቀድሞ የሚያጨበጭብ አይጠፋም። አስተዋዋቂው ግን ምቶቹን በጣቱ እየቆጠረ መጠበቅ አለበት። አንዲት የክፍል ጓደኛችን ከአራተኛው ምት በኋላ «ግሩም አቀራረብ ነበር» ብላ ስትጀምር አምስተኛው በላይዋ ላይ ወረደባት፤ የዚያን ምሽት ያህል የሳቅንበት ጊዜ አልነበረም። ደራሲው በሚያዝያ 1915 ስላያቸው 16 ስዋን የሚባሉ ነጫጭ ይብራዎችና ከእነርሱ ስለተወለደው፣ ሆርን የተባሉት መለከቶች ስለሚነፉት ዜማ የጻፍኩት ሁለት መስመር በሬዲዮ እንዲነበብ ተመርጦልኛል፤ ይህንን ያለ ኩራት ማለፍ አልቻልኩም።

በአምስተኛው ሳምንት የሁለት ደቂቃ መግቢያ በራሳችን ምርጫ እንድንጽፍ ተባለ። እኔ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን መረጥኩ። አዲስ አበባ በ1923 ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው፣ በኋላም መንኩሰው ኢየሩሳሌም ውስጥ በ2023 ያረፉት እኚህ ፒያኖ ተጫዋች ታሪካቸው ብቻውን ሁለት ደቂቃውን ይውጠዋል፤ የእኔንም ዋጠው። ፒያኖው ገና ሳይነካ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሄዷል። ስክሪፕቱን እንደገና ስጽፍ ሕይወታቸውን በሦስት ዓረፍተ ነገር አሳጥሬ፣ የቀረውን ጊዜ ግራ እጃቸው ሲረጋጋ ቀኝ እጃቸው እንዴት ከምቱ ቀደምና ዘግየት እያለ እንደሚሄድ ለመናገር አዋልኩት። ችግር የገጠመኝ ትዝታን ሳስረዳ ነው፤ ቃሉ የስሜትም የቅኝትም ስም መሆኑን ለእንግሊዝኛ አድማጭ ማብራራት 40 ሰከንድ ፈጀብኝ። ለአማርኛ አድማጭ ቢሆን ግን አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ በምትኩ 40 ሰከንዱን የሚጠይቀው ሶናታ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነው። የአማርኛውን ቅጂ ለራሴ ስጽፍ እንዲያውም «ቀኝ እጃቸው ርክርክ ይላል» ብዬ አለፍኩት፤ ርክርክ ከቤተ ክርስቲያን የዜማ ምልክቶች አንዱ ነውና እነርሱን የተማረ ሰው ከዚያ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም። (ለዚህ ሙያ ጥሩ መሠረት ያለው ከእኛ ወገን ማን ነው ቢሉኝ፣ ከጋዜጠኛው በፊት ማኅሌት ቆሞ ያደረውን ደብተራ እጠቁማለሁ።)

ወደ ቅሬታዎቼ ልምጣ። ማስታወቂያው ከ12 ተማሪ እንደማይበልጥ ይገልጽ ነበር፤ ገብተን ስንቆጠር 23 ሆንን። ከዚህ የተነሳ በስቱዲዮው ምሽት ለእያንዳንዳችን የደረሰን የማይክ ጊዜ አራት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ለሬዲዮ መጻፍን ለመማር የራስን ስክሪፕት በራስ ድምፅ አንብቦ መልሶ መስማትን የሚተካ ነገር ስለሌለ፣ ይህን ጉድለት ቀላል አድርጌ አላየውም። የቤት ሥራዎቻችን ታርመው የተመለሱት ኮርሱ ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ቅጂዎቹ ላይ የሰፈረው አስተያየት ግን ጥራቱን አልክድም፤ አጭር፣ ቁጥብና ትክክለኛ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የእንጀራው ጉዳይ ለመጨረሻው ምሽት የመጨረሻ 25 ደቂቃ መተዉ ነው። ማስታወቂያው በትልቁ የጻፈው «ሙያ» የሚለውን ቃል ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛዎቻችን የመጣንበትን ጥያቄ ካፖርታችንን እየደረብን ሰማነው። የተነገረን ጠቃሚ ነበር፦ የጽሑፍህን ባለመብትነት አትሽጥ፣ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ስጥ፤ ስለ አንድ የብራምስ ሲምፎኒ አንድ ጊዜ በደንብ የጻፍከውን ሌላ ከተማ ያለ ኦርኬስትራ ከዓመታት በኋላ እንደገና ሊከራየው ይችላል፤ ስለዚህ ደጋግመው የሚቀርቡትን ድርሰቶች አስቀድመህ ጽፈህ ያዝ፤ መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ከኮንሰርቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ነውና ቀን አታሳልፍ። ነገር ግን ውል እንዴት እንደሚነበብ፣ የመጀመሪያውን ሥራ ከማን ደጃፍ እንደሚለምኑት፣ ከዚህ ገቢ ብቻ መኖር ይቻል እንደሆነ ስንጠይቅ ጊዜ አለቀ ተባለ። መምህራኑ ራሳቸው በጎን እንደሚያስተምሩና እንደሚተረጉሙ የሰማነው ደረጃ ላይ ቆመን ስናወራ ነው።

ኖታ ማንበብ ለሚችል፣ ቢያንስ ዜማን ተከትሎ ገጽ መግለጥ ለማያቅተው፣ እንዲሁም መጻፍ ለለመደ ሰው ኮርሱ ገንዘቡን ያወጣል፤ የሁለተኛውና የአራተኛው ምሽት ብቻ ከ260 ፓውንዱ አብዛኛውን ይመልሳሉ። ሥራ አገኝበታለሁ ብሎ ለሚመጣ ግን አልመክረውም። እንዲህ ያለ ኮርስ ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቆ መልስ ይቀበል፦ በክፍሉ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ፣ ስለ ክፍያና ስለ ውል የሚነገረው በየትኛው ሳምንት እንደሆነ፣ እና ማይክ ፊት ለስንት ደቂቃ እንደሚቀመጥ።