ሀዋሳ ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉት ራፖር ጻፊ፦ ከካህን ለወለደች ሴት ጉዳይ ያገኘነው አገልግሎት (ከ5 ኮከብ 4)

ቀድሜ ልናገር፣ እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ የእሁድ ቅዳሴ የማላስታጉል፣ ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ቤተክርስቲያኔን ለማሰደብ አይደለም፣ መሳደብ የፈለገ ሌላ ቦታ ሞልቶለታል። የምጽፈው ሀዋሳ ውስጥ ደህና ራፖር ጻፊ ጠቁሚኝ እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ነው፣ በተለይ ደሞ ጉዳያችሁ እንደኛ ለሰው ለማውራት አፍ የሚያስይዝ ዓይነት ከሆነ።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት የዘመድ ልጅ (ስሟንም ቁምስናውንም (አጥቢያውን ማለቴ ነው) አልጠራም፣ ሀዋሳ አለመሆኑን ብቻ ያዙልኝ) ከአንድ አባ ልጅ ወልዳለች። ልጁ አሁን አጸደ ህጻናት ገብቷል። አባ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትንሽ ብር ይልኩላት ነበር፣ ከዛ ወሬው ሲሰማ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፣ ከዛ ስልኩ ይጠራል አይነሳም ሆነ። የቤተክርስቲያን ቢሮ ሄዳ ጠየቀች፣ "እናጣራለን" ተባለች፣ እስካሁን እያጣሩ ነው መሰለኝ። (አንቱ እያልኩ የምጽፈው ለክህነቱ ብዬ ነው፣ ቅስና አንዴ ከተቀበሉት ከአገልግሎቱ ቢያስወጡ እንኳ አይሻርም ይላል የኛ ቀኖና፣ ለሰውየው ቢሆንማ እኔ እንጃ።)

ቦታዋ ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ከተደረደሩት ጠባብ ክፍሎች አንዷ ናት፣ ከኮፒ ቤቱ ጋር ግድግዳ የምትጋራው፣ ለባጃጅ ሹፌር "ራፖር ጻፊዎቹ ጋ" ካላችሁት ያወርዳችኋል። ራፖር ጻፊው፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ድሮ መዝገብ ቤት ሰርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስንገባ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ልጅ እግር ነበር፣ እሷ ገና "ልጅ አለኝ አባቱ ደግሞ..." ብላ ድምጿ ሲቆራረጥ ልጁን ሻይ አዝዝልኝ ብለው ላኩትና በሩን ገርበብ አድርገው ሬድዮናቸውን ከፍ አደረጉት፣ ውጪ ያለው ሰው እንዳይሰማ ማለት ነው፣ ማንም ሳይነግራቸው። እኔ አራቱን ኮከብ እዛችው ላይ ነው የሰጠሁት፣ የቀረውን የምጽፈው ለናንተ ነው።

ጋሼ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ልጄ፣ ቄስ ነው መነኩሴ?" የሚል ነበር፣ በነሱ ቄሱ ቅስና ሳይቀበል በፊት አግብቶ ነው የሚገባው ችግሩ ምንድነው ማለታቸው ነው። እኔ ገባሁበትና አስረዳሁ፣ እኛ ደቡብ ያለነው የላቲን ሥርዓት ነን፣ ካህኑ አያገባም፣ ከ1139 እ.ኤ.አ. የላተራን የቤተክርስቲያን ጉባኤ ጀምሮ የካህን ጋብቻ ጋብቻ ተብሎ አይቆጠርም፣ በግዕዝ ሥርዓት ያሉት ካቶሊኮች የሚተዳደሩበት የምስራቅ ቀኖና ግን ያገባ ሰው ቅስና እንዲቀበል ይፈቅዳል ምናምን እያልኩ ስተነትን ሰሙኝ ሰሙኝና "ጥሩ፣ ይሄ ሁሉ ለዳኛው ምንም አይጠቅመውም" አሉኝ። ዳኛው የሚጠይቀው የማን ልጅ ነው፣ ቀለቡን ማን ይቆርጣል ነው፣ መሐላውን ለማን ማለ ብሎ አይጠይቅም። መሐላው የጳጳሱ ጉዳይ ነው፣ ስለዚህ ሁለት ወረቀት እንጽፋለን አሉ፣ አንድ ለፍርድ ቤት አንድ ለጳጳሱ፣ ሁለቱን ደግሞ እንዳትቀላቅሏቸው።

ይሄ ቀላል ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፣ እኛ ግን ቤታችን ስንት ጊዜ ስንጨቃጨቅ ያልገባን ይሄው ነበር። ግማሹ ዘመድ አባ ከቅስና ይባረሩ ይላል፣ ግማሹ ደሞ ቤተክርስቲያን ትዋረዳለች ዝም በሉ ይላል፣ የልጁን ወተትና የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያነሳ ግን አልነበረም።

የፍርድ ቤቱን ወረቀት ሲሰሩ ያየሁትን ልንገራችሁ። ማስረጃ ምን አላችሁ ሲሉ እሷ ምንም የለኝም አለች፣ አንድም ፎቶ አብረን አልተነሳንም። ጋሼ ስልክሽን አምጪ አሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስክሪኑን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው የባንኩን መልእክቶች ወደ ላይ ወደ ታች ሲያደርጉ ቆዩና አንዷ ላይ ቆሙ። የዝውውር ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ አባ ራሳቸው "ለልጄ ልብስ" ብለው ጽፈው ልከዋል። ጋሼ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠፍ አደረጉትና "ይሄ ነው ፎቶሽ" አሏት። የቤተሰብ ህጉ አባትነት በፍርድ ቤት የሚታወቅባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፣ አባት የተባለው ሰው በጽሁፍ ያመነበት ነገር ካለ አንዱ ነው፣ ልጁን እንደ አባት ሆኖ ሲረዳ ሲያሳድግ ከነበረም ሌላው ነው፣ በስልጣን ያላግባብ ተጠቅሞ ሴቷን ማሳሳትም እዛው ተጠቅሷል። ሁሉንም መልእክት ከነቀኑ በጎን ያለው ኮፒ ቤት አሳተሙና አያያዙት። የ1987ቱ ሕገ መንግስት አንቀጽ 36ንም ጨመሩበት፣ ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው፣ ከጋብቻ ውጪ የተወለደውም በጋብቻ ከተወለደው እኩል ነው ይላል። እሷ ይሄን ስታነብ ዲቃላ የሚለው የሰፈር ስድብ በህግ ምንም ቦታ እንደሌለው ያወቀችው ያኔ ነው መሰለኝ፣ ደጋግማ ነው ያነበበችው።

የጳጳሱ ደብዳቤ ላይ ትንሽ ተከራከርን። እሷ በእጇ ጽፋ ያመጣችው ብዙ ገጽ ነበር፣ እንባ ያለበት፣ እግዚአብሔር ይፍረድ የሚል። ጋሼ በክብር አነበቡትና መልሰው አጣጥፈው ሰጧት፣ "ይሄን ለንስሐ አባትሽ አቆዪው፣ ጳጳሱን የምንጠይቀው ግን መልስ ሊሰጡበት የሚገባ ነገር ነው"። ሰውየው አሁን የት እንደተመደበ በጽሁፍ ይገለጽልን፣ ክሱ እስኪያልቅ ወደ ሌላ አገር እንዳይላክ፣ ለልጁ በየወሩ የሚቆረጠው ከየትና በማን በኩል እንደሚሆን ይነገረን። በቃ፣ አንድ ገጽ። ከዛ የጠየቁት ጥያቄ ግን እኔ ካቶሊኳ ራሴ ያላሰብኩት ነበር፦ የሀገረ ስብከት ካህን ነው ወይስ የማኅበር? ልዩነቱ ምን እንደሆነ ሳስበው ትልቅ ነው። የሀገረ ስብከት ካህን (በቀጥታ በጳጳሱ ስር ያለው) ላለማግባት ቃል ይገባል እንጂ ንብረት ይኖረዋል፣ የማኅበር ካህን (የገዳማውያን ማኅበር አባል የሆነው) ግን የድህነት መሐላም አለበት፣ የሚበላውም የሚለብሰውም የማኅበሩ ነው፣ የሚያገኘውም ገቢ ለማኅበሩ ነው። ታዲያ የኛው አባ ማኅበርተኛ ናቸው፣ ዳኛ ቀለብ ቢፈርድባቸው ከምን ይከፍላሉ? ስለዚህ ደብዳቤው ለጳጳሱም ለማኅበሩ አለቃም ሄደ።

እዚህ ላይ "ያጠፋው ግለሰቡ ነው፣ ቤተክርስቲያን ምን አገባት" የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ አጎቴም ይሄንኑ ነው የሚለው። እሺ ግን ቤተክርስቲያኔ፣ ሰውየው የሚኖርበትን ቤት የምትሰጪው አንቺ ነሽ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ብር ያንቺ ነው፣ ወሬው ሲሰማ በአንድ ደብዳቤ ያዛወርሽው አንቺ ነሽ፣ ልጁ ቀለብ ሲጠይቅ ብቻ ነው እንዴ ግለሰብ የሚሆነው?

ይሄን ደሞ እኔ ከራሴ አላመጣሁትም። በ2019 እ.ኤ.አ. ቫቲካን ልጅ ለወለዱ ካህናት የውስጥ መመሪያ እንዳላት በቃል አቀባይዋ በኩል አምናለች፣ ዋናው መርህ የልጁ ደህንነት ነው ተብሏል። የአየርላንድ ጳጳሳት ደግሞ ከዛ በፊት በ2017 እ.ኤ.አ. የልጁ ጥቅም ይቀድማል፣ ካህኑም እንደማንኛውም አባት በህግም በገንዘብም ኃላፊነቱን ይወጣ የሚል መመሪያ አውጥተዋል፣ ከኋላው የካህን ልጅ የሆነው የቪንሰንት ዶይል ጉትጎታ አለበት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም ገና ካርዲናል እያሉ ልጅ የወለደ ካህን ክህነቱን ትቶ ልጁን ያሳድግ ብለዋል። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው ደስ ብሏቸው መመሪያውን ደብዳቤው ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከተቱት፣ ግን ደሞ ወዲያው "ከክህነት ካስወጡት ደሞዙ ከየት ይመጣል?" አሉኝ። እኔ መልስ አልነበረኝም። ዕድሜውን ሴሚናሪና ቁምስና የጨረሰ ሰው፣ ሌላ ሙያ የሌለው፣ ነገ አስወጥተነዋል ብለው በር ቢዘጉበት ለልጁ የሚተርፈው ሥራ ፈት አባት ነው። ማስወጣቱ ለቤተክርስቲያን ስም ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለልጁ ግን ራሱን የቻለ ዕቅድ ይፈልጋል።

ገንዘቡም ሲሰጥ በግልጽ መሰጠት አለበት። የአየርላንዱ የጎልዌይ ጳጳስ ኤመን ኬሲ በ1992 እ.ኤ.አ. ልጅ እንዳላቸው ሲታወቅ ስልጣን ለቀው ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄዱ፣ ለልጁ እናት የሰጡት 70,000 ፓውንድ ከሀገረ ስብከቱ ካዝና የተወሰደ ነበር፣ ኋላ ተመልሷል ግን ምእመኑን ያቃጠለው ከልጁ ይልቅ ድብብቆሹ ነበር። ፓራጓይ ውስጥ ደሞ ፈርናንዶ ሉጎ ከጳጳስነት ወጥተው ፕሬዝዳንት ከሆኑ በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው ልጅ አለኝ ብለው ያመኑት፣ ያውም እናትየው ከከሰሰች በኋላ።

ለኛም ድብብቆሽ መጥቶልን ነበር። አንድ ሽማግሌ ነኝ ባይ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ብርና "ከዚህ በኋላ በማንኛውም ቦታ አልጠይቅም፣ ለማንም አልናገርም" የሚል ወረቀት ይዞላት መጥቶ ነበር፣ ልትፈርም ምንም አልቀራትም። ጋሼ ወረቀቱን ሲያዩ ሳቁ፣ የምር ሳቁ፣ "ቀለቡ የልጁ ነው፣ ያንቺ ያልሆነውን እንዴት ነው ፈርመሽ የምትሸጪው?" አሏት። ወረቀቱን ግን አልቀደዱትም፣ ኮፒ አድርገው ከማስረጃው ጋር አያያዙት።

አሁን አንዷን ኮከብ ለምን እንደቀነስኩ። ጋሼ ቀርፋፋ ናቸው፣ በሁለት ጣት ነው የሚተይቡት፣ መብራት ከሄደ ደሞ በቃ ነገ ኑ ነው። "ክቡር ፍርድ ቤቱ" የምትለዋ ነገር በየመስመሩ ካልገባች አይሆንላቸውም። ካቶሊካዊትን ሁለት ቦታ አሳስተው ጽፈውት እንደገና አሳተምን፣ የኅትመቱን ደሞ እኛ ነን የከፈልነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ከፍቶኛል። ዋጋቸው ከጎረቤቶቻቸው ወደድ ይላል፣ ግን ምን እንደሚያስከፍሉ ቀድመው ይናገራሉ፣ ለሷ ደሞ የጳጳሱን ደብዳቤ ብር አልተቀበሉም። ጠበቃ አይደሉም፣ ራሳቸውም አይደብቁም፣ ክርክር ከገባ አቅም ከሌላችሁ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ህግ ትምህርት ቤት ነጻ የህግ ድጋፍ ይሰጣልና እዛ ጠይቁ ብለው ይልካሉ።

ደብዳቤውን ስናስገባ የነገሩን ነገር በጣም ጠቅሞናል፦ ኮፒው ላይ ማኅተምና ገቢ ቁጥር ሳታስደርጉ እንዳትወጡ። የቢሮው ልጅ "ግድ የለም እናደርስላችኋለን" ስትል ቆይታ እኛ አንነቃነቅም ስንል መታችልን። እስካሁን ከጳጳሱ ቢሮ መልስ የለም፣ ከማኅበሩ በኩል ግን አንድ አባ ደውለው የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ ጠይቀዋል። ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሰጥቶናል።

መሄድ ለምትፈልጉ ጠዋት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ከምሳ በኋላ ወረፋው አይቻልም። የባንክ መልእክቶቻችሁን ደሞ ከስልካችሁ አታጥፉ።