ቹንቾን ለአንድ ቀን፦ ናሚ ደሴት ወይስ ጎንጂቾን?

የደቡብ ኮሪያዋ ከተማ ቹንቾን ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ጓደኛህ ፎቶ ወዳድ ከሆነ ናሚ ያሸንፋል፤ ከጋፕዮንግ በጀልባ ተሻግራችሁ በረድፍ በቆሙ ረጃጅም ዛፎች መሃል መንሸራሸር ነው። ሰዉ ግን ይበዛል፤ ቅጠሉ በሚቀላበት በጥቅምት ቅዳሜና እሁድማ አይነሳ!

በከተማዋ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት ጎንጂቾን ሌላ ነው። ከውሃው ዳር ጣሪያው እንደ ጎጆ የተሠራ ቤት ታያላችሁ፤ በኮሪያ ጦርነት ለተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች መታሰቢያ በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። እዚያው አካባቢ በ1968 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ። አያቱ ኮሪያ ዘምተው ከነበረ ሰው ጋር ከሄድክ ቶሎ እንውጣ አትበለው።

ማታ ዳክጋልቢ ብሉ፤ በሰፊ ብረት ምጣድ ከጥቅል ጎመን ጋር የሚጠበስ ቀይ ዶሮ ነው። በርበሬ የለመደ አፍ አይደነግጥም። እኔ ብሆን ናሚን ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ።