የዉኮመርስ አትሪቢዩት ግምገማ፦ የቡና ሱቅ ካታሎግ ላይ ሲፈተን

ቡና የሚሸጥ የኢንተርኔት ሱቅ የዕቃ ማጣሪያ ላይ «ሐረር 6»፣ «ሀረር 3»፣ «ሃረር 1» ተደርድሮ ከታየ ካታሎጉ ታሟል ማለት ነው። አስሩም ከረጢት የአንድ አካባቢ ቡና ነው። የመጀመሪያውን የነካ ደንበኛ ግን ስድስቱን ብቻ አይቶ ይሄዳል፤ አራቱ መደርደሪያ ላይ እያሉ እንደሌሉ ይቆጠራሉ። ዉኮመርስ ይህን በሽታ የሚከላከል መሣሪያ አለው ወይ? አለው፤ ግን ራሱ አያስገድድም።

ዉኮመርስ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ያለ፣ ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የሚጫን ነፃ የሱቅ ሶፍትዌር ነው። አትሪቢዩት የሚለው የዕቃ መገለጫ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ፕሮዳክትስ» ሥር ባለው «አትሪቢዩትስ» ገጽ ላይ አንዴ ተፈጥሮ ሁሉም ዕቃ የሚጋራው ነው። ሁለተኛው እዚያው አንዱ ዕቃ ላይ በእጅ የሚጻፍና ከዚያ ዕቃ የማይወጣ ነው። ደንበኛ የዕቃውን ገጽ ሲከፍት ሁለቱን መለየት አይችልም፤ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ይመስላሉ። ማጣሪያው ግን የሚያነበው የጋራውን ብቻ ነው። አዲስ ሠራተኛ ስለሚፈጥንለት ሁለተኛውን ይመርጣል፣ ከሁለት ወር በኋላ «ማጣሪያው አይሠራም» የሚል ቅሬታ ይመጣል። ለሁለተኛው ዓይነት የሚገባው ማንም የማያጣራበት ነገር ነው፤ ለምሳሌ የተቆላበት ቀን። የመጣበት አካባቢ፣ ክብደት፣ አዘገጃጀት፣ አቆላል፣ አፈጫጨት ሁሉም የጋራ መሆን አለባቸው።

የአማርኛ ካታሎግ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት። ልብስ የሚሸጥ ሱቅ «ሰማያዊ» እና «ሠማያዊ»ን ሁለት ቀለም አድርጎ ይይዛል። ሶፍትዌሩ ይህን አያርምም፣ አያስጠነቅቅምም። መፍትሔው የጸደቁ ቃላት ዝርዝር ነው፦ በአንድ ገጽ፣ ለእያንዳንዱ መገለጫ የተፈቀደው አጻጻፍ ብቻ። የትኛው «ሀ» ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለቋንቋ ሊቃውንት ትታችሁ አንዱን ምረጡና ጨርሱ። የሚታየው ስም በግዕዝ ፊደል ይሁን፤ ሊንኩ ውስጥ የሚገባውን አጭር ስም ግን በላቲን ፊደል ጻፉት። የመገለጫው አጭር ስም ወሰን 28 ባይት ነው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ዘጠኝ ፊደል ላይ ይሞላል። ሊንኩ ለሰው ሲላክም በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረጅም ጅራት ይሆናል።

ክብደት ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ሱቅ የሚሰናከለው እዚህ ነው። «ግማሽ ኪሎ»፣ «0.5 ኪግ»፣ «500ግራም» እና «500 ግራም» አራት የተለያዩ ምርጫዎች ሆነው ይመዘገባሉ። ዉኮመርስ መገለጫን እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቁጥር አይዘውም፤ መገለጫ ላይ የመለኪያ አሃድ የሚባል ነገር አያውቅም። «ኔም ኑሜሪክ» የሚለው የአደራደር ምርጫ ስሙ መጀመሪያ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ስለሚያይ «1 ኪሎ»ን ከ«250 ግራም» በፊት ያስቀምጠዋል። ሁሉንም በግራም ጻፉ፦ 250 ግራም፣ 500 ግራም፣ 1000 ግራም። ያኔ ድርድሩ በራሱ ይስተካከላል። «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ» ላይ ግን በስም መደርደር አይሆንም፤ በፊደል ተራ «መካከለኛ» ቀድሞ «ትንሽ» መጨረሻ ይመጣል። እዚያ «ከስተም ኦርደሪንግ» መርጦ በመጎተት ማስተካከል ነው።

ዕቃን በሲኤስቪ (በኮማ በተለያየ የሠንጠረዥ) ፋይል ማስገባት የዚህ ሶፍትዌር ጥሩ ጎን ነው፣ ስሕተት የሚገባበት ሰፊው በርም እሱ ነው። ፋይሉ ውስጥ ከዝርዝሩ የሌለ ቃል ካገኘ ሳይጠይቅ አዲስ ምርጫ ይፈጥራል። ኮማን እንደ መለያያ ስለሚያነብ «0,5 ኪግ» የሚለው «0» እና «5 ኪግ» ሆኖ ይገባል። ኤክሴል በበኩሉ «10-12» የሚል መጠን ሲያይ ቀን ያደርገዋል፤ ዓምዱን አስቀድሞ ጽሑፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 (ግዕዝን በሚይዘው የፊደል ኮድ) ካልተቀመጠ ደግሞ ግዕዙ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል።

የተበላሸ ካታሎግ ለማጽዳት አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ የመረጃ ቋቱን ቅጂ ያዙ። ዕቃዎቹን በሙሉ በሲኤስቪ አውጡ፣ በየመገለጫው ዓምድ ያሉትን ልዩ ልዩ አጻጻፎች ለይታችሁ በጸደቀው ቃል ተኩ፣ «ግሎባል» የሚለውን ዓምድ 1 አድርጉ። ይህ 1 በዋናው ዕቃ ረድፍ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ባሉት የቫሪዬሽን (የአንዱ ዕቃ የየራሳቸው ዋጋ ያላቸው ዓይነቶች፣ ለምሳሌ በክብደት) ረድፎችም መግባት አለበት፤ ካልገባ ቫሪዬሽኑ ከዋናው ጋር መተሳሰሩን ያጣና ደንበኛ 500 ግራም ሲመርጥ የየትኛው ዋጋ እንደሚወጣ አይታወቅም። ያልነካችኋቸውን የመገለጫ ዓምዶችም አትሰርዙ፣ አብረው ይመለሱ። ከዚያ «ነባር ዕቃዎችን አድስ» በሚለው ምርጫ፣ በአይዲ (ሶፍትዌሩ በሚሰጠው ቁጥር) ወይም በኤስኬዩ (ሱቁ ለዕቃው በሚሰጠው መለያ) እያመሳሰላችሁ፣ አምስት ዕቃ ብቻ ሞክራችሁ ማጣሪያውን ተመልከቱ። ሲስተካከል ቀሪው ይግባ። የዕቃ ቁጥራቸው ዜሮ የሆኑትን ምርጫዎች መሰረዝ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ሁለት ምርጫን ወደ አንድ የሚያዋህድ ቁልፍ ስለሌለ አስቀድሞ የሰረዘ ሰው ዕቃዎቹን ያለ መገለጫ ይተዋቸዋል።

ቫሪዬሽን ላይ ስስት ይሻላል። 3 ክብደት፣ 3 አቆላል እና 4 አፈጫጨት ሲባዙ 36 ናቸው። ከ30 ካለፈ ሶፍትዌሩ ሁሉንም አንድ ላይ መጫኑን ስለሚተው፣ የሌለው ጥምረት ከዝርዝሩ መደበቁ ይቀራል፤ ደንበኛው መርጦ ከጨረሰ በኋላ ነው «የለም» የሚባለው። አፈጫጨቱን ወደ «ፍሬ»ና «የተፈጨ» ብታወርዱት 18 ይሆንና ችግሩ ይጠፋል።

ትልቁ ጉድለት መገለጫን ከዕቃ ምድብ ጋር ማሰር አለመቻሉ ነው። ቡና ሁሉ «የታጠበ» ወይም «ደረቅ» የሚለው ሳይሞላ እንዳይወጣ ማድረግ አይቻልም፤ ጀበና ላይ «አቆላል» ቢሞላም ዝም ነው። ሌላው የሱቅ ሶፍትዌር ማጀንቶ ለየዕቃው ዓይነት የመገለጫ ስብስብ አለው፣ ግዴታ ማድረግና ቁጥር ብቻ እንዲገባ መወሰንም ይቻላል፤ ግን ከበድ ያለ ሰርቨርና ፕሮግራመር ይፈልጋል። ሁለት መቶ ዕቃና አንድ መዝጋቢ ላለው ሱቅ ዉኮመርስና ያቺ የቃላት ገጽ ይበቃሉ። መዝጋቢዎቹ አምስት ከሆኑና ዕቃው ከብዙ አቅራቢ በየራሱ ፋይል የሚመጣ ከሆነ ግን አይበቃም።